ከውጭ ፋውንዴሽን ጋር ፓርትነርሺፕ ልንጀምር ነው፣ ከመፈረማችን በፊት ምን እንይ?

አዲሷ_ሌክቸረር፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ። ዲፓርትመንታችን ከአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ለአንድ ትልቅ ፋውንዴሽን ፕሮፖዛል ሊያስገባ ነው፣ የአምስት ዓመት ነው፣ ለተማሪ ስኮላርሺፕ አለው፣ ለአስተማሪዎች ፒኤችዲ አለው፣ ለላብ ዕቃም በጀት ተይዟል። እኔ ከተቀጠርኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው ግን "አንቺ እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው" ተብዬ የኮሚቴው ጸሐፊ ሆንኩላችሁ፣ ጸሐፊ ማለት ደሞ ሌላው የተናገረውን ሁሉ ሠርቶ የሚያመጣ ሰው ማለት እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።

እስካሁን ሦስት ጊዜ ተሰብስበናል፣ ሦስቱም ያለቁት ስንት ላፕቶፕ ይገዛ በሚል ክርክር ነው። እኔን ግን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እነዚህ ፋውንዴሽኖች አፍሪካ ውስጥ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስንት ዓመት ገንዘብ ሲሰጡ ኖረዋል፣ ከዛ ሁሉ ውስጥ እነሱ ከወጡ በኋላ በእግሩ የቆመ ነገር የቱ ነው? ለምንስ እሱ ቆሞ ሌላው ወደቀ? ያንን ባውቅ ፕሮፖዛሉ ላይ ምን ማስገባት እንዳለብን ይገባኝ ነበር። ልምድ ያላችሁ እስኪ በሉኝ።

ግራንት_ኦፊስ_የነበርኩ፦

እህቴ እንኳን ወደ ኮሚቴው በደህና መጣሽ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ግራንት ኦፊስ ሠርቼ ነው የወጣሁት፣ እና አንቺ የጠየቅሽውን ሰው በስብሰባ ላይ ሲጠይቅ የሰማሁት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ትልቁን ካነሳን፣ 2000 ላይ ካርኔጊ፣ ፎርድ፣ ማክአርተር እና ሮክፌለር ፋውንዴሽኖች "ለየብቻ ከምንሰጥ እንቀናጅ" ብለው የጀመሩት ነገር አለ፣ በኋላ ሂውሌት፣ ሜለን እና ክሬስጊ ተጨምረው ሰባት ሆኑ። 2010 ላይ ሲዘጋ ወደ 440 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ጋና፣ ናይጄሪያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሞዛምቢክ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ግብፅ እና ማዳጋስካር ናቸው የነበሩበት፣ ኢትዮጵያ አልነበረችበትም፣ እኛ ጋ ብዙም የማይወራው ለዚህ ይመስለኛል። የተጀመረበትን ጊዜ አስቢ እንግዲህ፣ በ80ዎቹ እነ ዓለም ባንክ "ለአፍሪካ የሚያዋጣው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ላይ የወጣ ገንዘብ ትርፉ ትንሽ ነው" የሚል ስሌት ይዘው ስለነበር ዩኒቨርሲቲዎቹ ተማሪ እየበዛባቸው በጀት እየሳሳባቸው ነው አስርት ዓመታት የከረሙት።

ከዛ ሁሉ ለኔ የሚገርመኝ የኢንተርኔቱ ጉዳይ ነው። ያኔ ብዙ ቦታ ፋይበር የለም፣ ሁሉም ከሳተላይት ነው የሚገዛው፣ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ደሞ ለብቻው ስለሚገዛ እንደ ችርቻሮ ደንበኛ ነው የሚከፍለው። 2005 አካባቢ አሥር ምናምን ሆነው ተሰብስበው በአንድ ውል ገዙ፣ በኪሎቢት 7 ዶላር ከምናምን የነበረው ወደ 2 ዶላር ከምናምን ወረደ። ፋውንዴሽኖቹ ገንዘብ ደጉመዋል አዎ፣ ግን ዋጋውን የሰበረው አብሮ መግዛቱ ነው። ይህ ሐሳብ ዛሬም ለሪኤጀንት (ለላብ ኬሚካል)፣ ለሶፍትዌር ላይሰንስ፣ ለጆርናል ሰብስክሪፕሽን ይሠራል፣ ማንም አያደርገውም እንጂ።

በእግሩ የቆመ ካልሽኝ ደግሞ ሩፎረም የሚባለውን የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የግብርና ትምህርት ኅብረት እይ። 1992 ላይ የሮክፌለር ፋውንዴሽን የራሱ ፕሮግራም ሆኖ ነው የተጀመረው፣ ለግብርና ፋኩልቲዎች የማስተርስ ተማሪ ምርምር ገንዘብ የሚሰጥ። 2004 ላይ አሥር ዩኒቨርሲቲዎች ተረከቡት፣ ቢሮው ማኬሬሬ ካምፓላ ሆነ፣ የበላይ የሆኑት ራሳቸው የዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንቶቹ፣ አባልነቱም ዓመታዊ መዋጮ አለው። አሁን አባሎቹ ከ100 በላይ ናቸው፣ ሐረማያም መቐለም አሉበት። ልዩነቱ የቱ ጋ እንደሆነ ታየሽ? ሰጪው ገና በሕይወት እያለ ነው ያወረሰው። አብዛኛው ፕሮጀክት ግን ውርሱን የሚያስበው የመጨረሻው ዓመት የመጨረሻው ሪፖርት ላይ "ሰስቴይነቢሊቲ" የሚል ንዑስ ርዕስ ሲያጋጥመው ነው፣ እኔ ራሴ ያንን ርዕስ ስንት ጊዜ ከአሮጌ ሪፖርት ኮፒ ፔስት እንዳደረግኩት እግዜር ያውቃል።

የላብ_ልጅ፦

ከላይ የተባለው ትልቅ ትልቁ ነው፣ እኔ ወርጄ ላብ ውስጥ ያለውን ልንገርሽ። ዩኒቨርሲቲውን አልጠራም።

እኛ ጋ በፓርትነርሺፕ አንድ ኤችፒኤልሲ ማሽን (ናሙና ውስጥ ያለውን ኬሚካል ለይቶ የሚለካ) መጣልን፣ ትልቅ ነገር ነው፣ ሪባን ሁሉ ተቆርጧል። ሻጩ ድርጅት ሰው ልኮ ለሁለታችን የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጠን፣ አንደኛው ልጅ በስምንተኛው ወር ለፒኤችዲ ወጣ፣ ቀረሁ እኔ። ከዛ ኮለሙ አለቀ። ኮለም ማለት ማሽኑ ውስጥ ናሙናው የሚያልፍበት ቱቦ ነው፣ እንደ እስክሪብቶ የምታህል ዕቃ ናት፣ ግን በውጭ ምንዛሪ ነው የምትገዛው፣ ፕሮጀክቱ ደግሞ "የዕቃ ግዢ መስመር ተዘግቷል" አለ፣ ግዢ ክፍል ስንሄድ "ይሄ የፕሮጀክት ነው እኛን አይመለከትም" አሉን። እሷን ስንጠብቅ ዲቴክተሩ መብራቱም ሄደ። አሁን ማሽኑ ላይ ያልታረመ የተማሪ ሪፖርት ነው የሚደረደረው። የሰጪው ስቲከር ግን እስካሁን ያበራል፣ እንግዳ ሲመጣ እናጸዳዋለን።

ስለዚህ ዕቃ በጀት ካላችሁ ከዕቃው ዋጋ ላይ ቁረጡና ለመለዋወጫ፣ ለስታቢላይዘር፣ ለቴክኒሻን ደሞዝ አስቀምጡ፣ ሁለት ማሽን ከሚገዛ አንድ ተገዝቶ አምስት ዓመት ይሥራ። ሥልጠናውንም ለፒኤችዲ ሊወጣ ላሰበ ሰው ሳይሆን ለሚቀር ሰው ስጡ፣ ማን እንደሚቀር ሁሉም ሰው ያውቃል።

በሰው_ወርቅ፦

ስሜን ያወጣሁት ከተረቱ ነው፣ በሰው ወርቅ አይደምቁም። ይቅርታ ግን እዚህ ሁሉም ሰው ገንዘቡ እንዴት ይበላ ነው የሚያወራው፣ ርዕሱን ማን መረጠው የሚል የለም። እኔ ያየሁት እንዲህ ነው፦ ገንዘቡ መጀመሪያ የሚገባው የውጩ ዩኒቨርሲቲ አካውንት ነው፣ እዛ ኦቨርሄዱ (የዩኒቨርሲቲው የአስተዳደር ወጪ) ይቆረጣል፣ ከዛ ወደኛ የሚመጣው "ሰብ ግራንት" ይባላል። እኛ መጠይቅ ይዘን ገጠር ለገጠር እንዞራለን፣ ዳታው እዛ ይተነተናል፣ ጽሑፉ ሲወጣ የኛ ሰው ስም ስድስተኛ ላይ ነው። ሰጪው ደሞ ስትራቴጂ በቀየረ ቁጥር እኛም የምርምር ፍቅራችን አብሮ ይቀየራል፣ አንድ ሰሞን ሁላችንም ክላይሜት ነበርን፣ አሁን ሁላችንም ዲጂታል ነን። የራሳችን ሀብታሞችስ የት ሄዱ?

ግራንት_ኦፊስ_የነበርኩ፦

ወንድሜ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፣ በተለይ የሰብ ግራንቱ፣ አልከራከርህም። ግን ሌላም አሠራር አለ። የካርኔጊ የዲያስፖራ ፌሎሺፕ የሚባለው፣ 2013 ላይ የተጀመረው፣ ሥራው ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ከአስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚህ ያለው ዲፓርትመንት "ካሪኩለም ልንቀይር ነው፣ የዚህ ሙያ ሰው ላኩልን" ይላል፣ አሜሪካና ካናዳ የሚያስተምር አፍሪካዊ ምሁር ከ14 እስከ 90 ቀን መጥቶ አብሮ ይሠራል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ሕንጻ አይሠራም፣ ግን ማን ምን ጠየቀ የሚለው ተገልብጧል።

የራሳችን ሀብታሞች ላልከው፣ ካኖ ባየሮ ዩኒቨርሲቲ ያለው ቢዝነስ ስኩል በዳንጎቴ ገንዘብ ነው የተሠራው። ጋና አሸሲን ደሞ ፓትሪክ አዉዋ ማይክሮሶፍት ሥራውን ትቶ መጥቶ 2002 ላይ በ30 ተማሪ ነው የከፈተው፣ እሱም ቢሆን ያለ ውጭ ለጋሾች አልቆመም።

እና አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ፣ በየዩኒቨርሲቲው የልህቀት ማዕከል የሚባሉት የዓለም ባንክ ሴንተሮች አብዛኛው ገንዘባቸው መንግሥት የሚመልሰው ብድር ነው። ስብሰባ ላይ "ለጋሾች" እየተባለ አብሮ ሲጠራ እሰማለሁ፣ ልጆቻችሁ የሚከፍሉትን ስጦታ አትበሉት።

ስኮላር_ነበርኩ፦

ከተማሪ ወገን ማንም ስላልጻፈ ልግባ። እኔ የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላር ነበርኩ፣ የት እንደተማርኩ ይቅር። ብዙ ሰው የካርድ ድርጅቱ ማስታወቂያ ይመስለዋል፣ ፋውንዴሽኑ ግን ለብቻው የቆመ ነው፣ ቶሮንቶ ነው ያለው፣ ሀብቱ የመጣው ድርጅቱ 2006 አክሲዮን ገበያ ሲወጣ ከተሰጠው ድርሻ ነው። የስኮላርሺፕ ፕሮግራሙ 2012 ላይ በ500 ሚሊዮን ዶላር ቃል ተጀመረ፣ ማኬሬሬ፣ ኬፕ ታውን፣ አሸሲ፣ ኩማሲ እያለ ብዙ ቦታ ገባ፣ እኛም አገር ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ጋር አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ላይ ያተኮረ አለው፣ 450 ተማሪ ለማስተማር ነው የታሰበው፣ የጎንደር አስተማሪዎችም ኩዊንስ ሄደው ማስተርስና ፒኤችዲ ይማራሉ።

ልነግርሽ የፈለግኩት ግን ሰዎች በጀት ላይ ስለሚረሱት ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ክፍያውም ዶርሙም ላፕቶፑም ተሸፍኖልኛል፣ በወረቀት ሲታይ ምንም አልጎደለኝም። የመጀመሪያው አሳይንመንት በታይፕ ይቅረብ ተባለ። እኔ ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም፣ ላፕቶፑን ከፍቼ ፊደል እየፈለግኩ በአንድ ጣት ሁለት ገጽ ለመጻፍ እስከ ሌሊት ስምንት ሰዓት ቆየሁ፣ ከዛ ሴቭ ሳላደርግ ዘጋሁት። ጠዋት ባዶ እጄን ገባሁ፣ አስተማሪው ሰነፍ መስዬው በሁሉም ፊት ተናገረኝ። ያዳነችኝ የፕሮግራሙ አስተባባሪ ናት፣ ማታ ማታ ቢሮዋ እያስቀመጠች ስድስት ሳምንት አስተማረችኝ፣ የሷ ደሞዝ ደሞ በጀቱ ላይ "አድሚን" ተብሎ ነው የተጻፈው። መጀመሪያ የሚቆረጠውም እሱ ነው። እባክሽ አድሚን የሚባለውን ሳታዪ አትቁረጪ።

ግራንት_ኦፊስ_የነበርኩ፦

ስኮላሯ ልክ ናት። አስተማሪዎችን ፒኤችዲ ስለመላክም ካነሳን ላንሳ፣ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚሄደው እዛ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ ውጭ ከላክሽ ግማሹ አይመለስም ብለሽ ያዢ። ለዚህ ነው እነ ካርታ (CARTA፣ አስተማሪዎችን ለፒኤችዲ የሚያሠለጥን የአፍሪካ ተቋማት ኅብረት) ሌላ መንገድ የያዙት፣ 2008 ላይ በናይሮቢው የሥነ ሕዝብና ጤና ምርምር ማዕከልና በደቡብ አፍሪካው ዊትስ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የተጀመረ ነው፣ ሰውየው እዛው አፍሪካ ውስጥ ነው የሚመዘገበው፣ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪነቱን እንደያዘ፣ በየጊዜው ከሌላ አገር ባልደረቦቹ ጋር ለሳምንታት በጋራ ሴሚናር ይገናኛል። ኢኮኖሚክስ ላይም በ1988 የተቋቋመው፣ ናይሮቢ ያለው ኤኢአርሲ (የአፍሪካ የኢኮኖሚ ምርምር ኅብረት) ተመሳሳይ ነገር ሠርቷል፣ የማስተርስ ተማሪዎቹ ዋና ዋና ኮርሱን በየዩኒቨርሲቲያቸው ይወስዱና ለምርጫ ኮርሶች ናይሮቢ ይሰበሰባሉ፣ ለምን ቢባል አንድ ዲፓርትመንት ለሁሉም ዘርፍ ስፔሻሊስት ሊኖረው አይችልም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ነበረበት። ሳንድዊች ፒኤችዲ ማለት እንኳን፣ ማለትም ምዝገባው እዚህ ሆኖ ስድስት ወር ስምንት ወር ውጭ ላብ መቀመጥ፣ ከምንም ይሻላል።

አንድ የማይታይ ነገር ጨምሬ ልውጣ፦ የበጀት ዓመት። የውጩ ዩኒቨርሲቲ መዝገቡን ለምሳሌ ዲሴምበር ላይ ሊዘጋ ይችላል፣ የኛ ሰኔ 30 ላይ ነው፣ ሪፖርቱ መሃል ላይ ይወድቃል። እኛ አንድ ጊዜ ፋይናንሱ መዝገብ እየዘጋ ክፍያ አቁሞ፣ የተማሪዎቹ ኪስ ገንዘብ ሁለት ወር ከግማሽ ዘገየ፣ ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ ማለት ነው። ውሉ ላይ የተማሪ ክፍያ በማንኛውም የመዝገብ መዝጊያ አይቆምም የሚል ዓረፍተ ነገር አስገቢ፣ የፋይናንስ ኃላፊውንም አሁኑኑ ኮሚቴው ውስጥ አስገቡት፣ በኋላ ከምትለምኑት።

አዲሷ_ሌክቸረር፦

በጣም ነው የማመሰግነው ሁላችሁንም፣ ጋሼ ግራንት ኦፊስ ደግሞ በተለይ። ትናንት ማታ ረቂቅ በጀቱን አውጥቼ ከናንተ ጽሑፍ ጋር እያየሁ ተቀመጥኩ። ለዕቃ ከተያዘው ውስጥ ለመለዋወጫ የተጻፈው ዜሮ ነው። ዜሮ እንኳን አይደለም፣ መስመሩ ራሱ የለም። አስተባባሪ የሚል ቦታ አለ ግን ለመጀመሪያው ሁለት ዓመት ብቻ። የጽሑፍ ባለቤትነት የሚል አንቀጽ የለም፣ እሱን ለውጩ ፓርትነር በኢሜይል ጠየቅኳቸው፣ የሚገርመው ደስ ብሏቸው ነው የመለሱት፣ "እናንተ እስክታነሱት እየጠበቅን ነበር" አሉኝ (እየጠበቁ መሆናቸውን ለምን እንዳልነገሩን እንግዲህ እነሱ ያውቃሉ)።

የላብ ልጅ፣ ያንተን የኤችፒኤልሲ ታሪክ ስም ሳልጠራ ሐሙስ ስብሰባ ላይ ላነበው ነው፣ ካልፈቀድክ ዛሬ ንገረኝ።

የላብ_ልጅ፦

አንብቢው። የኮለሟንም ዋጋ እልክልሻለሁ፣ ከአንድ ላፕቶፕ ታንሳለች።