ጅማ ላይ ግቢ ውስጥ ጃኩዚ ያላችሁ፣ ውሃውን እንዴት ነው የምትይዙት?

የአጂፕ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ ነው። እናቴን ጉልበቷና ወገቧ ያማታል። ወሊሶ ፍልውሃ ስንወስዳት ቀለል ይላታል፤ ግን መንገዱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስትመለስ ድካሙ ያገኘችውን እፎይታ ይወስድባታል።

አሁን አንድ ሰው ቤቱን ሸጦ ሊወጣ ነውና ያገለገለ ጃኩዚ በደህና ዋጋ እየሸጠ ነው። አራት ሰው ይይዛል፤ 1000 ሊትር ገደማ ውሃ ይወስዳል። ፓምፑና ማሞቂያው አብረውት አሉ። ላስቀምጠው ያሰብኩት ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ አቮካዶው ሥር ነው።

የጨነቀኝ ነገር ብዙ ነው። ዝናባችንን ታውቁታላችሁ። መብራቱም ይሄዳል ይመጣል። ውሃው በየስንት ጊዜው ይቀየራል? የመብራት ክፍያውስ ይቻላል? ክሎሪን የሚባለውን ነገር በጭራሽ አላውቅም። በእጁ ይዞ የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ ደስ ይለኛል።

ቲቸር ከቆጪ

ወንድሜ፣ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ለአባታችን ወገብ ብለን ያስገባነው ጃኩዚ ግቢያችን ውስጥ አለ፤ ውሃውን የምከታተለው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ መብራት ክፍያ ነው። ጃኩዚን የሚያስጥለው ግን ውሃው ነው። ስለዚህ ከውሃው ልጀምር።

የመዋኛ ገንዳ ውሃው ብዙ ነው፣ ሙቀቱም ዝቅ ያለ ነው። አንተ ጋ ግን አራት ሰው 1000 ሊትር ሙቅ ውሃ ውስጥ ሊቀመጥ ነው። ላቡ፣ የሰውነት ቅባቱ፣ የሳሙናው ቅሪት እዚያው ይቀራል። ሙቀቱ ደግሞ ክሎሪኑን ቶሎ ይጨርሰዋል። ክሎሪን ካለቀ ባክቴሪያ ይራባል። ሊጅዮኔላ የሚባለው ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ በጣም ይመቸዋል፤ የጃኩዚ ውሃ ከ37 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ፓምፑ ውሃውን ሲያረፋው በሚነሱት ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ውስጥ ሆኖ ሳንባ ይገባና ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። ዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ይበረታል። ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። የምትሠራው ለእናትህ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ትለካለህ። አንደኛው ክሎሪን ነው፤ በሊትር ከ3 ሚሊ ግራም እንዲያንስ አትፍቀድ፣ 5 ድረስ ደህና ነው። ሁለተኛው ፒኤች፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት ልክ ነው፤ ከ7.2 እስከ 7.8 ይሁን። ፒኤቹን ቸል አትበል። ፒኤች 7.5 ላይ ከጨመርከው ክሎሪን ግማሽ ያህሉ በደንብ ይሠራል። 8 ሲደርስ ግን የሚሠራው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ያኔ ክሎሪን ጨምረሃል፣ መለኪያውም አለ ይልሃል፤ ውሃው ግን አልጸዳም። መለኪያው ጠብታ ወይም ወረቀት ነው። አዲስ አበባ የመዋኛ ገንዳ ዕቃ የሚሸጡ ዘንድ ይገኛል። ሰው ሲሄድ አስመጣ፤ ያለ እሱ አትጀምር።

የገንዳ ክሎሪን ካጣህ ሽታ ያልተጨመረበት ተራ በረኪና ይሠራል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ 60 ሚሊ ሊትር ለ1000 ሊትር ውሃ 3 ሚሊ ግራም በሊትር ይሰጥሃል። እኔ በ20 ሚሊ ሲሪንጅ ሦስቴ እቀዳለሁ። ፓምፑ እየሠራ አፈሰዋለሁ፣ ክዳኑን ለተወሰነ ጊዜ ክፍት አደርገዋለሁ፣ ከዚያ እለካለሁ። በረኪና ፀሐይ ላይ ከቆየ ወይም ካረጀ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ሱቅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን አትግዛ። ደግሞ በምንም ዓይነት ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር አትቀላቅለው። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

አሁን ወደ ፊልትሮው። ፊልትሮው ውሃውን የሚያጣራ፣ እንደ ሽንሽን ቀሚስ የታጠፈ ጨርቅ ነው። ቆሻሻው ሽንሽኑ ውስጥ ይገባል። በየሳምንቱ አውጥተህ በጎማ ውሃ ከላይ ወደ ታች፣ እያንዳንዱን እጥፋት በጣትህ ከፍተህ እጠበው። እኛ ጋ ፊልትሮን የሚገድለው ቅቤ ነው። ፀጉር ላይ የተቀባ ቅቤ ሙቅ ውሃ ሲነካው ይቀልጥና ፊልትሮው ላይ ይረጋል። ሽንሽኑ ቢጫ ሆኖ ሲያሟልጭ ታየዋለህ። ያኔ ውሃ ብቻ አያስለቅቀውም፤ የዕቃ ሳሙና በተበጠበጠበት ባልዲ ውሃ ውስጥ አሳድረውና አረፋው እስኪጠፋ ድረስ አለቅልቀው። እማማ ቅቤ በተቀቡበት ሰሞን ፀጉራቸውን በላስቲክ ኮፍያ ይሸፍኑ። ማንም ይሁን ማን ሳይታጠብ አይግባ። እንግዳ ቢሆንም አታፍር፣ ንገረው።

ያገለገለ ስለሆነ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለብህ። ቆሞ የከረመ ጃኩዚ ቱቦው ውስጥ የባክቴሪያ ልባጥ ይይዛል፤ ዓይን አያየውም። ፊልትሮውን አውጣ። ውሃ ሙላና አንድ ሊትር በረኪና ጨምርበት፤ 50 ሚሊ ግራም በሊትር ይሆናል። ሁሉንም ቀዳዳዎች ከፍተህ ፓምፑን አንድ ሰዓት አስነሳው። ማንም አይግባበት፣ አንተም ራቅ በል። ከቱቦው ቡናማ ልጣጭ ሊወጣ ይችላል። ውሃውን ደፍተህ፣ ገንዳውን ጠርገህ፣ እንደገና ሙላ። ልጣጩ ካላቆመ ድገመው።

ውሃውን መቀየር እንደ ሰዉ ብዛት ነው። በየቀኑ ሁለት ሰው የሚገባበት ከሆነ 1000 ሊትሩን በወር ተኩል ገደማ ቀይረው። እናትህ ብቻ ከሆኑ ሦስት ወር ይሄዳል። ስትደፋው መጀመሪያ ክሎሪኑ እንዲተን ክዳኑን ከፍተህ ተወው፣ በመለኪያው አረጋግጥ፣ ከዚያ ሳሩ ላይ ልቀቀው። ክሎሪን ያለበትን ውሃ ወደ አዌቱ መልቀቅ ለወንዙም ለሰዉም ጉዳት ነው።

አቮካዶው ሥር ግን ተወው። ቅጠሉና አበባው በየቀኑ ይወርዳል፣ ፍሬው ክዳኑን ይቀደዋል። ግልጥ ቦታ ላይ በአራት ቋሚ ቆርቆሮ አልብሰው፣ አሸንዳም አድርግለት። የዝናብ ውሃ ከገባበት ክሎሪኑን ያቀጥነዋል፣ ፒኤቹንም ይረብሸዋል። ከሥሩ የሚያርፍበትም ይታሰብበት። ውሃው፣ ገንዳውና ሰዉ ተደምሮ አንድ ቶን ተኩል ይሆናል። አፈርህ ዋልካ ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። አፈሩን አውጥተህ፣ ድንጋይ ደልድለህ፣ ፌሮ ያለው 10 ሴንቲ ሜትር አርማታ አፍስስበት።

ክፍያው ላይ ሒሳቡ ይኸው። 1000 ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 38 ዲግሪ ለማድረስ 21 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። 3 ኪሎ ዋት ማሞቂያ ካለህ ሰባት ሰዓት ነው። ይህ የመጀመሪያው ማሞቂያ ነው። ከዚያ በኋላ የምትከፍለው ለሚያመልጠው ሙቀት ብቻ ነው፤ አብዛኛው የሚያመልጠው ደግሞ በላይ በኩል ነው። ስለዚህ ገንዘብህን ወፍራምና በደንብ የሚገጥም ክዳን ላይ አውጣ። የመብራት ታሪፉ በተጠቀምክ ቁጥር ዋጋው ከፍ ወዳለው እርከን ስለሚያስገባህ የክዳኑ ጥቅም በወር መጨረሻ ይታይሃል።

ሽቦ ሠሪ

ቲቸር ስለ ውሃው የተናገሩት ልክ ነው። እኔ በኤሌክትሪኩ ልጨምር። ወንድሜ፣ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ፓምፑና መቆጣጠሪያው ላይ የተለጠፈውን ብረት አንብብና እዚህ ጻፍልን። የኛ አገር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው።

ምጣድ ከሚሠራበት ሶኬት እንዳትቀጥለው። ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል። 3 ኪሎ ዋት ማሞቂያ ደግሞ 14 አምፒር ገደማ ነው፣ ፓምፑ ይጨመርበታል። ለብቻው መስመር፣ ለብቻው ብሬከር ይኑረው። ከሁሉ በላይ 30 ሚሊ አምፒር ላይ የሚቆርጥ ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያመልጥ መስመሩን የሚዘጋ) እና በትክክል የተቀበረ ግራውንድ። ብዙ ቤት ግራውንድ የሚባለው ሽቦ ሶኬቱ ጋ አለ፣ መሬት ግን አልደረሰም። በመለኪያ አስለካው። እርጥብ ሰው ውሃ ውስጥ ተቀምጦ በዚህ ነገር አይቀለድም። ማጥፊያው ገንዳው ውስጥ ያለ ሰው እጁ የማይደርስበት ቦታ ይሁን።

መብራት ሲጠፋ ብሬከሩን አውርደው። ሲመጣ ወዲያው አታንሳው፤ ቮልቴጁ እስኪረጋ ጠብቅ። ሰማዩ ሲያጉረመርም ደግሞ ሰው ይውጣ።

የአጂፕ ልጅ

ቲቸር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ሁሉ ጽፈው ስለረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ። ወንድሜ ሽቦ ሠሪ፣ ሄጄ አየሁት። 240 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። የሚገባው ሽቦ አራት ነው። ሰውየው «220 ላይ ይሠራል፣ ችግር የለውም» ይላል። እውነት ነው?

ሌላ ደግሞ ቲቸርን ልጠይቅ። መብራት ሁለት ሦስት ቀን ቢጠፋ ውሃውን ምን ላድርገው?

ሽቦ ሠሪ

እንዲህ ዓይነቱ የአሜሪካ ነው። እዚያ 240ው ለሁለት ተከፍሎ 120፣ 120 ሆኖ ይገባል፤ አራተኛው ሽቦ ለዚያ ነው። ውስጡ በ120 የሚሠሩ ዕቃዎች አሉ። የኛን 220 እንዲሁ ብታገባበት መቆጣጠሪያው ይቃጠላል። ማሞቂያው ምንም አይሆንም፤ 220 ላይ ጉልበቱ በ16 በመቶ ገደማ ይቀንሳል እንጂ ይሠራል። ፓምፑ ግን ለ60 የተሠራ ሞተር 50 ላይ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ፓምፕና መቆጣጠሪያ የምትቀይርበትን ዋጋ ከጠየቀህ ላይ አስቀንስ። ካልቀነሰ ተወው።

ነርስ ነኝ

ሰላም ወንድሜ። ስለ እናታችን ልጠይቅህ። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም አለባቸው? መድኃኒት ይወስዳሉ? ሙቅ ውሃ የደም ሥርን ያሰፋል፣ ግፊትን ያወርዳል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲነሳ ራሱን ሊያዞረው ይችላል። መጀመሪያ ከሚከታተላቸው ሐኪም ጋር ተነጋገሩ። ከተፈቀደላቸው 37 ወይም 38 ዲግሪ ይበቃቸዋል፤ ከ40 ማለፍ ለማንም አይገባም። በ10 እና 15 ደቂቃ ውስጥ ይውጡ። ስኳር ካለባቸው እግራቸው ሙቀት ላይሰማው ስለሚችል ውሃውን ሌላ ሰው በቴርሞሜትር ይለካላቸው። ብቻቸውን አይግቡ። ነፍሰ ጡርና ትንንሽ ልጆች ደግሞ ባይገቡ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። የጃኩዚው ግድግዳ ቁመቱ ስንት ነው? ብዙዎቹ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። ጉልበታቸው እያመማቸው ያንን እንዴት ይሻገራሉ? ሰፊ ደረጃና ጠንካራ መያዣ አሠራ። የሚወድቁት ሲወጡ ነው።

ቲቸር ከቆጪ

ነርሷ ያነሳችው ትልቅ ነገር ነው። እኛ ደረጃውን በዋንዛ አሠርተናል፤ ሰፊ፣ ዝቅ ዝቅ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ሻካራ ላስቲክ የተለጠፈበት። ጅማ ጥሩ እንጨት ሠሪ አይጠፋም። መያዣውን ግን በብረት አሠራው፣ አርማታው ውስጥ ይተከል።

የመብራቱን ጥያቄ ልመልስልህ። ፓምፑ ሲቆም ውሃው ይተኛል፣ ክሎሪኑ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ደግሞ ክዳን ስላለው ቶሎ አይወርድም። ባክቴሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አንድ ቀን ከሆነ በረኪናውን ጨምረህ በንጹሕ ዘንግ አማስለው፣ ክዳኑን ዝጋ። መብራቱ ሲመጣ ፓምፑን አስነሳ፣ ለካ፣ ክሎሪኑ 3 ካልደረሰ ማንም አይግባ። ሁለት ሦስት ቀን ከሄደና ውሃው ከደፈረሰ ወይም ከሸተተ ድፋው። 1000 ሊትር መድፋት ያማል፣ በተለይ ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰሞን። ግን ድፋው።

የሚገቡበት እናትህ ብቻ ከሆኑ ሌላም መንገድ አለ። ጥልቅ የመታጠቢያ ገንዳ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ማስገባት። 250 ሊትር ቢይዝ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያሞቀዋል። ታጥበው ሲወጡ ይደፋል። ክሎሪን የለ፣ ፊልትሮ የለ፣ መለኪያ የለ። ውሃው ግን በአራት ጊዜ 1000 ሊትር ይሞላል፤ ስለዚህ ሮቶህ ትልቅ መሆን አለበት። በሳምንት አንዴ ሁለቴ ለሚገባ ሰው እኔ ይህን እመርጣለሁ። ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠቀምበት ከሆነና በየሁለት ቀኑ ውሃ የሚለካ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ጃኩዚው ይሁን።

ጃኩዚውን ከመረጥክ ከመክፈልህ በፊት ፊልትሮውን አስወጣና ቁመቱን፣ ውፍረቱን፣ የመሃል ቀዳዳውን ስፋት በሜትር ለካ። አዲስ አበባ ደውለህ በዚያ ልክ የሚገኝ መሆኑን ጠይቅ። ፊልትሮ የማይገኝለት ጃኩዚ በነፃም ቢሰጡህ አትውሰድ።