መጽሐፉ 3 አምፔር ይላል፤ እኔ 4.8 አገኘሁ። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

የማታ አስጠኚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ይዛው የመጣችው የቤት ሥራ ሦስተኛ ምሽት ይዞናል። እኔ ፊዚክስ የተማርኩት ድሮ ነው። ቪ = አይ × አር (ቮልቴጅ = ከረንት × ሬዚስታንስ) ከሚለው ውጪ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረ ነገር የለም።

ጥያቄው ይኸውና። 12 ቮልት ባትሪ አለ። ከባትሪው የሚወጣው ሽቦ መጀመሪያ 2 ኦም ሬዚስተር (ከረንትን የሚገታ ዕቃ) ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ መንገድ ላይ 6 ኦም፣ ሌላው ላይ 3 ኦም አለ። ሁለቱ እንደገና ተገናኝተው ወደ ባትሪው ይመለሳሉ። በእያንዳንዱ የሚያልፈው ከረንት ስንት ነው?

የሠራሁት እንዲህ ነው። ለፓራለሉ (ለሁለት ለተከፈለው ክፍል) 1/6 + 1/3 ብዬ ደመርኩ፣ 1/2 መጣ። ስለዚህ 0.5 ኦም። 2 ስጨምርበት 2.5። 12 ሲካፈል ለ2.5፣ 4.8 አምፔር። ደረቴን ነፍቼ ለልጄ ሰጠኋት። መጽሐፉ ጀርባ ያለው መልስ ግን 3 አምፔር ነው። «እማዬ፣ መጽሐፉ ተሳስቷል እንዳትዪኝ» አለች። ልል ነበር።

እሷ ደግሞ 12ን ለ6 አካፍላ «በ6 ኦሙ 2 አምፔር ያልፋል» ብላ ድርቅ አለች። ስህተት እንደሆነ ይሰማኛል፣ ግን ለምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ። ደግሞስ ከረንቱ 2 ኦሙን ሲያልፍ አይቀንስም እንዴ?

ጠመኔ፦
እህቴ፣ እስከ 1/2 ድረስ ልክ ነሽ። የሳትሽው ከዚያ በኋላ ነው። ያ 1/2 ሬዚስታንሱ ሳይሆን የሬዚስታንሱ ግልባጭ ነው። መልሰሽ ስትገለብጪው 2 ኦም ይሆናል። 2 ሲደመር 2 አራት፣ 12 ለ4 ሦስት። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ይህችን ስህተት በየፈተናው በቀይ ሳከብባት እጄ ለምዷታል።

ተማሪዎች «የፓራለል ውጤት ከትንሹ ሬዚስተር ማነስ አለበት» እያሉ መልሳቸውን ያረጋግጣሉ። እውነት ነው፣ ግን አንቺን አያድንሽም። 0.5ም ከ3 ያንሳል።

ስለዚህ ለልጅሽ ሌላ መንገድ አሳያት። ቀመሩን ለጊዜው ተዉት። ፓራለሉ ጫፍና ጫፍ ላይ 6 ቮልት አለ እንበል። በ6 ኦሙ 1 አምፔር ያልፋል፣ በ3 ኦሙ 2 አምፔር። ድምሩ 3። እንግዲህ 6 ቮልት 3 አምፔር ካሳለፈ፣ ሁለቱ አንድ ላይ እንደ 2 ኦም ናቸው ማለት ነው። 6 ቮልትን የመረጥኩት ለማካፈል ስለሚመች ብቻ ነው። 30 ብትዪም 5 እና 10 አምፔር ይመጣል፤ 30 ለ15 ያው 2 ነው።

የልጅሽ ስህተት ደግሞ ከአንቺ ይከፋል (አትንገሪያት)። 12 ቮልቱ የጠቅላላው ሰርኪዩት ነው፣ 6 ኦሙ ደግሞ የአንድ ሬዚስተር። የኦም ሕግ (ያው ቪ = አይ × አር) ውስጥ የሚገቡት ሦስቱም ቁጥሮች የአንድ ነገር መሆን አለባቸው። 2 ኦሙ 3 × 2 = 6 ቮልት ይወስዳል። ለፓራለሉ የሚተርፈው 6 ቮልት ነው። 6 ለ6 አንድ አምፔር፣ 6 ለ3 ሁለት አምፔር። አለቀ።

ሽቦ በጥርስ፦
የመጨረሻ ጥያቄዎ ሳይመለስ ቀረ። ሬዚስተር ከረንት አይበላም። 3 አምፔር ከገባ 3 አምፔር ይወጣል። በየደረጃው የሚወርደው ቮልቴጁ ነው። መገንጠያው ላይም የገባው ከወጣው እኩል ነው፦ 3 = 1 + 2። የፊዚክስ ሊቁ ኪርሾፍ በ1845 ያወጣው ሕግ ይኸው ነው።

«ከረንት ቀላሉን መንገድ ይመርጣል» የሚላችሁን አትስሙ። በሁለቱም ይሄዳል፤ በቀላሉ በኩል ይበዛል፣ ያ ብቻ ነው።

ባለ ቴስተር፦
በወረቀት ከምትጣሉ ለምን ገጥማችሁ አትለኩትም? ግን ቁጥሮቹን እንዳሉ እንዳትወስዱ። 2 ኦሙ ላይ 3 አምፔር ሲያልፍ 18 ዋት ሙቀት ይወጣል። ያቺ ሩብ ዋት የምትችለው ትንሿ ሬዚስተር ወዲያው ትጨሳለች።

ሁሉንም በ100 አባዙት፦ 200፣ 600፣ 300። 600 ካጣችሁ ሁለት 300 በሲሪየስ (አንዱን ከሌላው ጫፍ አስከትላችሁ) ቀጥሉ። ባትሪው ባለ 9 ቮልቱ ይሁን። ጠቅላላው 400 ኦም ነው፣ ከረንቱም 22.5 ሚሊአምፔር። ፓራለሉ ላይ 4.5 ቮልት መነበብ አለበት።

አንድ ነገር አደራ። ቮልቴጅ ሲለካ ቴስተሩ (መለኪያው) ሬዚስተሩ ጎንና ጎን ይነካል። ከረንት ሲለካ ግን ሽቦው ተቆርጦ ቴስተሩ መሀል ይገባል። እኔ ጀማሪ ሳለሁ አምፔር ላይ አድርጌ ቀጥታ ባትሪው ጫፎች ላይ አስነካሁት። «ጭጭ» አለ። የቴስተሩ ፊውዝ ነበር። ለሁለት ሳምንት ቴስተሩ ተበላሽቷል ብዬ አልቅሼበታለሁ።

የማታ አስጠኚ፦
ገጠምነው! ሽቦውን እሷ ያዘች፣ ቴስተሩን እኔ። 200ው ላይ 4.57 ቮልት፣ ፓራለሉ ላይ 4.61። ከረንቱ 22.9 ሚሊአምፔር። 4.5 ሳይሆን ሲቀር ደነገጥኩ፤ ለካ አዲስ ባትሪ ከ9 ይበልጣል። እሷ ሬዚስተሮቹ ላይ ያለውን የወርቅ ቀለም አይታ «5 በመቶ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል» አለችኝ። ከየት እንዳመጣችው እንጃ።

አሁን ሌላ ጣጣ አመጣች። ባትሪውን ብቻውን ስትለካው 9.21 ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ ግን 9.18 ናቸው። «0.03 ቮልቱ የት ገባ?» ትላለች።

ጠመኔ፦
ባትሪው ራሱ ውስጥ። እሱም ሬዚስታንስ አለው። 0.03ን ለ0.0229 አካፍላ ስንት ኦም እንደሆነ ትንገርሽ።

የማታ አስጠኚ፦
1.3 ትላለች። እና አሁን ሌላ አሮጌ ባትሪ ልትለካ ከሪሞቱ እየፈታች ነው።