ከፍተኛ ጥራት ያለው ሙዚቃ በቤት ውስጥ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ምክንያቱ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ። ለዓመታት የሰበሰብኳቸውን ሲዲዎች ጥራቱን ሳይቀንስ ድምፅን ወደሚያጭቅ የፍላክ ፋይል ገልብጬ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጫለሁ። ዲስኩ መኝታ ቤት ካለ ላፕቶፕ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ሳሎን ከአምፕሊፋየሩ ጋር የተገናኘው ማጫወቻ ሙዚቃውን በዋይፋይ እየሳበ ያጫውታል። ከሲዲ የተገለበጠው ሁሉ ያለ እንከን ይጫወታል፤ ከሲዲ በላይ ዝርዝር በሚይዘው በ24 ቢትና በ192 ኪሎኸርዝ የገዛኋቸው አልበሞች ግን፣ በተለይ ማታ ማታ፣ በየመሐሉ ይቆራረጣሉ። የኢንተርኔት ፓኬጄን እንዳሳድግ የመከሩኝ ሰዎች አሉ፤ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የእናንተን አስተያየት ብሰማ ደስ ይለኛል። ሌላው ጥያቄዬ፣ የአንዳንድ የአማርኛ ዘፈኖች ርዕስ በማጫወቻው ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ የሚታየው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የኔትወርክ ባለሙያ

ፓኬጅዎን አያሳድጉ። ሙዚቃው ከላፕቶፑ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ማጫወቻው ሲሄድ ከቤትዎ አይወጣም፤ ኢንተርኔት ጭራሽ ቢቋረጥ እንኳ መጫወቱን ይቀጥላል።

መጠኑን እናስላ። የሲዲ ድምፅ ሳይጨመቅ በሰከንድ 1.4 ሜጋ ቢት ያህል ነው፤ የ24 ቢትና የ192 ኪሎኸርዙ ደግሞ 9.2 ሜጋ ቢት ይደርሳል። ፍላክ ከዚህ ጥቂት የማይባል ይቀንሳል፤ ሰርቨሩ (ላፕቶፑ ላይ ሆኖ ሙዚቃውን የሚልከው ፕሮግራም) ፋይሉን ፈትቶ የሚልክ ከሆነ ግን ሙሉው 9.2 ሜጋ ቢት ነው የሚጓዘው። ይህም ቢሆን ለጤነኛ ኔትወርክ ከባድ ሸክም አይደለም። ችግሩ ያለው በእርስዎ አደራደር ላይ ነው፤ ላፕቶፑም ማጫወቻውም በዋይፋይ ስለሚሠሩ እያንዳንዱ የሙዚቃ ቁራጭ አየሩን ሁለት ጊዜ ይይዛል፣ አንድ ጊዜ ወደ ራውተሩ ሲገባ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሲወጣ። ዋይፋይ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ እንደሚናገርበት ስብሰባ ነው፤ በአንድ ቻናል ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ ተራውን ይጠብቃል። ማታ ጎረቤቶችዎ ቤታቸው ሲገቡና የሁሉም ራውተር 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ላይ ሲጨናነቅ ወረፋው ይረዝማል፤ ማጫወቻው ያጠራቀመው ያልቅበትና ድምፁ ይቆረጣል።

ስለዚህ ላፕቶፑን ለአንድ ምሽት ወደ ራውተሩ አቅርበው በኬብል ያያይዙትና ያዳምጡ። መቆራረጡ ከቆመ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቋሚ ኬብል መዘርጋት ነው። ተራው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ያደርሳል። ማጫወቻው 5 ጊጋኸርዝ የሚቀበል ከሆነም ወደዚያው ያዙሩት፤ ነገር ግን 5 ጊጋኸርዝ የብሎኬት ግድግዳ ላይ ቶሎ ስለሚዳከም ራውተሩ ሳሎን ቢሆን ይመረጣል።

መልስ፦ የድምፅ ቀረጻ ባለሙያ

ስለ ኬብሉ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም 192 ኪሎኸርዝ ለማዳመጥ ያስፈልጋል ወይ የሚለውም ሊጤን ይገባል። የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ነው፤ የሲዲው 44.1 ኪሎኸርዝ (ድምፁ በሰከንድ የሚለካበት ብዛት) ደግሞ የዚህን ግማሽ፣ እስከ 22.05 ኪሎኸርዝ ድረስ ያለውን ድምፅ ይይዛል። 24 ቢት በቀረጻና በቅንብር ጊዜ እጅግ ይጠቅማል፤ ለአድማጭ ግን ወሳኙ ቀረጻው በጥንቃቄ መሠራቱ ነው። በደንብ የተሠራ የሲዲ ቅጂ፣ ድምፁ እስኪጨናነቅ ድረስ ጎልቶ ከተዘጋጀ የ192 ኪሎኸርዝ ቅጂ በእጅጉ ይበልጣል። ዋናዎቹን ፋይሎች ሳይነኩ ሰርቨሩ በሚልክበት ጊዜ ወደ 96 ኪሎኸርዝ እንዲቀንስ ቢያደርጉት ሸክሙ በግማሽ ይቀላል።

መልስ፦ የኔትወርክ ባለሙያ

እኔ ግን ቅነሳውን ከኬብሉ አላስቀድምም። 9.2 ሜጋ ቢት መሸከም ያቃተው ኔትወርክ ነገ ሁለተኛ ክፍል ላይ ማጫወቻ ሲጨመርበት ተመልሶ ሊቆራረጥ ይችላል።

መልስ፦ ሙዚቃ ሰብሳቢ

የርዕሱን ጉዳይ ልመልስ። በፍላክ ፋይል ውስጥ ርዕስና የዘፋኝ ስም የሚጻፈው የዓለምን ፊደላት በሚያካትተው ዩኒኮድ በተባለ ሥርዓት ስለሆነ ፊደላችንን ያለ ችግር ይይዛል። ፋይሉን ላፕቶፑ ላይ ከፍተው ይመልከቱ። እዚያም የጥያቄ ምልክት ከሆነ፣ ሲዲውን የገለበጠው ፕሮግራም ፊደሉን አጥፍቶታልና እንደገና ከመጻፍ በቀር መፍትሔ የለውም። እዚያ በትክክል ከታየ ግን ችግሩ የማጫወቻው ነው፤ ዘፈን የሚመርጡት በስልክዎ ላይ ባለ መቆጣጠሪያ ከሆነ አያስጨንቅዎትም። ሲጽፉ አንድ አጻጻፍ ብቻ ይምረጡ፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ዘፋኞች ስለሆኑ የአንድ ሰው አልበሞች ለሁለት ተከፍለው ይቀመጣሉ።

መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ከሆኑ ራስበሪ ፓይ በተባለች ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ፓይኮርፕሌየር የተባለውን የሙዚቃ ማጫወቻ ሶፍትዌር ጭነው እንደ ማጫወቻ ቢጠቀሙበት እመክራለሁ። ሥራውን የሚያከናውነው በሚሞሪ ካርዱ ሳይሆን በራም (በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደር) ላይ በመሆኑ መብራት በድንገት ሲጠፋ ሚሞሪ ካርዱ የመበላሸቱ ዕድል አነስተኛ ነው። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ሙዚቃውን የሚልክለትን ላይሪዮን ሚዩዚክ ሰርቨር የተባለ ፕሮግራም ይጫኑ፤ ዋጋ አይጠየቅበትም፣ የሳሎኑንና የመኝታ ቤቱንም ድምፅ እኩል ያስኬዳል። ድምፁን ግን ከፓዩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አይውሰዱ፤ ጥራቱ ደካማ ስለሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ ዳክ (ዲጂታሉን ወደ ድምፅ ሞገድ የሚቀይር መሣሪያ) ያስፈልግዎታል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ላፕቶፑን በኬብል ካያያዝኩት ወዲህ መቆራረጡ ቆሟል፤ ርዕሶቹ ግን ላፕቶፑ ላይም የጠፉ ስለሆኑ እንደገና እጽፋቸዋለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ በመድረክ ላይ የተቀረጹ አልበሞች ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ሲሻገሩ በጭብጨባው መካከል አጭር ጸጥታ ይገባል።

መልስ፦ ሙዚቃ ሰብሳቢ

አሁን የሚጠቀሙት የዲኤልኤንኤ (የቤት ውስጥ መሣሪያዎች ሙዚቃና ቪዲዮ የሚለዋወጡበት ሥርዓት) ማጫወቻ ከሆነ፣ ቀጣዩን ዘፈን አስቀድሞ የመቀበል ችሎታ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ግዴታ ስላልሆነ ብዙ ማጫወቻዎች የላቸውም። በመጀመሪያ የማጫወቻውን ሶፍትዌር ያድሱና በቅንብሩ ውስጥ ያለ ክፍተት የማጫወት አማራጭ እንዳለ ይፈልጉ። ከሌለ፣ ከላይ የጠቀስኩት የላይሪዮንና የፓይኮርፕሌየር ጥምረት የፍላክ አልበሞችን ያለ ክፍተት አያይዞ ያጫውታል።