«ጠንቋይ» እንበለው ወይስ «አዋቂ»? የፋንታሲ ቃላት ጥያቄ ከባሕር ዳር

የጣና ዳር፦
ጤና ይስጥልን። ባሕር ዳር ያለን ፋንታሲ፣ ማለትም አስማትና ዘንዶ ያለበት ልብ ወለድ ወዳድ ልጆች ነን። ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ቡና ይዘን ስላነበብነው እንከራከራለን። ድሮ የምንጣላው የትኛው ጀግና ይበልጣል፣ የትኛው ደራሲ መጨረሻውን አበላሸ በሚል ነበር። አሁን ጠቡ ቃል ላይ ሆኗል። ከመሀላችን አንዱ በአማርኛ ታሪክ እየጻፈ ነው። ቦታው ጮቄ ተራራ ነው፣ ዘንዶ አለበት፣ በትር የያዘ ሽማግሌም አለበት፣ እና ሽማግሌውን «ጠንቋይ» ብሎ ሲያነብልን ሳቅ በሳቅ ሆንን። ጠንቋይ ሲባል እኮ ትዝ የሚለን ቄጤማ ጎዝጉዞ «ገብስማ ዶሮ አምጣ» የሚል ሰውዬ ነው። ዘንዶ ፊት የሚቆም ሰው አይደለም። እባካችሁ ቃል የምታውቁ፣ ዊዛርድን ምን እንበለው? ማጂክ፣ ድራጎን፣ ጫካ ውስጥ የሚኖሩት ባለ ሹል ጆሮ ኤልፎችስ? ራሱ ፋንታሲስ?

የሞጣው፦
«አዋቂ» በሉት፣ ምን ያስጨንቃል! እኛ ዘንድ ሰው ጠንቋይ ቤት ሄድኩ አይልም። «አዋቂ ዘንድ ደረስ ብዬ መጣሁ» ነው የሚለው። ጠንቋይ የሚለው ጎረቤቱ ነው፣ ሲያማው። ደግሞ እንግሊዝኛውም ከዚህ አይርቅም። ዊዛርድ የወጣው ዋይዝ ከሚለው ቃል ነው፣ ጥበበኛ ከሚለው። መጀመሪያ ብልህ ሰው ማለት ነበር፣ አስማተኛ የሆነው በኋላ ነው። የእኛም አዋቂ የሄደው በዚያው መንገድ ነው።

የማርቆሷ፦
ኧረ ወዲያ! «የመጨረሻው አዋቂ» የሚል መጽሐፍ ብታይ ምን ይመስልሃል? እኔ ዕድሜው ከ18 በላይ የሆነ ሰው ታሪክ ነው የሚመስለኝ። «ለአዋቂዎች ብቻ» የሚለው ማስታወቂያ ቃሉን ጨርሶታል። ከእሱ «ጠቢብ» ይሻላል። አጭር ነው፣ ግርማም አለው።

የዋሸራው፦
እታለም፣ ጠቢብ መልካም ቃል ነው፣ ግን ጎጃም ውስጥ ሌላ ሸክም አለበት። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን «ጠይብ» እንላቸዋለን። ቃሉ ያው ጠቢብ ነው፣ እጁ ጥበብ ያወጣ ማለት። ታዲያ ያንኑ ሰው በዚያው አፋችን ቡዳ ነው እንላለን። ማረሻውን ከእሱ ገዝተን፣ ምጣዱን ከእሷ ገዝተን፣ ልጃችንን ከዓይናቸው እንሸሽጋለን። ጸሐፊው «ጠቢብ» ሲል ይህም አብሮ እንደሚሰማ ይወቅ። ከፈለገ ይጠቀምበት፣ እንዲያውም ጥሩ ታሪክ ይወጣዋል፣ ግን ሳያውቅ አይርገጠው።

የጣና ዳር፦
የኔታ፣ ይህን ካነሡ አይቀር፣ አንዱ ጓደኛችን ወርዎልፍን፣ ሌሊት ተኩላ የሚሆነውን ሰው፣ «ቡዳ» እንበለው ብሎ ነበር። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል ስለሚባል።

የማርቆሷ፦
እኔ በዚህ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም። አዲስ አበባ ስማር የተከራየሁበት ግቢ ጎጃሜ ነኝ ስላቸው ሕፃኑን በነጠላ የሸፈኑ ሴትዮ ነበሩ። በቀልድ መሰላችሁ? ከልባቸው ነው። ድራጎን ኖሮ አያውቅም፣ ማንንም አያስከፋም። ቡዳ የተባለ ሰው ግን ዛሬም ልጁን የሚያገባለት ያጣል። «ሰው-ጅብ» በሉት፣ ያስፈራል፣ ማንንም አይነካም።

የሞጣው፦
ሰው-ጅብ ተመችቶኛል። ለነገሩ ተኩላ ከመሆን ጅብ መሆን እኛን የበለጠ ያስደነግጠናል።

የዋሸራው፦
ወደ «አስማት» ልመለስ፤ እዚህ ላይ ብዙ ነገር አለ። አስማት በግእዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው። ስሞች ማለት እንጂ ሌላ ምንም ማለት አይደለም። ነገሩ የመጣው ኅቡእ ከሆኑ ስሞች ነው። ስሙን ያወቀ፣ ስሙን የጠራ፣ ኃይሉን ያገኛል የሚል እምነት ነበር። በጥቅል ብራና ላይ የሚጻፉት እነዚያ የማይገቡ ቃላት ስሞች ናቸው። እናንተ በምታነቡት የውጭ ፋንታሲ ውስጥ የነገሩን እውነተኛ ስም የያዘ ነገሩን ያዘዋል የሚባል አስማት እንዳለ ልጄ ነግሮኛል፣ ትልቅ ፈጠራ ነው እያለ። እኛ ቃሉን ስንጠራው ያንን ብለን ጨርሰናል። ስለዚህ ማጂክን «አስማት» ማለት ትርጉም ብቻ አይደለም፣ አሠራሩንም ይናገራል።

ከዚያ ደግሞ «ድግምት» አለ። ደገመ ከሚለው ነው። ዳዊት ይደገማል፣ ድግምትም ይደገማል፣ ግሡ አንድ ነው። ልዩነቱ ምን እንደደገምክና ለምን እንደደገምክ ነው። ስፔል ለሚሉት ከዚህ የተሻለ አይገኝም። በአፍ የሚባል፣ ተደጋግሞ የሚባል፣ አንድ ቃል ከተሳሳተ የማይሠራ።

የሰከላው፦
የኔታ እንዲህ ሲያወሩ ደስ ይላል። እኔ ደግሞ «ጠልሰም» ልጨምር፣ ከክፉ ይጠብቃል ተብሎ የሚሣለውን። ታሊስማን ከሚለው ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ሥራቸው ግሪክ ነው፣ በዐረብኛ በኩል ያለፈ። ስለዚህ ታሊስማንን «ታሊስማን» ብሎ በፊደል መጻፍ የቤት ልጅን እንግዳ ብሎ መጥራት ነው። «ክታብ»ም አለ፣ ከተበ ከሚለው፣ ጻፈ ማለት። ከዚያው ግሥ «ክትባት» ወጣ። አያቴ ክታብ አንገቷ ላይ አስራ እኛን ጤና ጣቢያ ታስከትብ ነበር፣ ሁለቱንም ከበሽታ መከላከያ ናቸው ብላ።

ወጣት አንባቢ፦
አንድ ነገር ልጠይቅ። «መስተፋቅር» ምን ዓይነት ቃል ነው? ሰዋስው ክፍል ስንማር «መስተዋድድ» ይባል ነበርና ግራ ገባኝ 😅

የዋሸራው፦
አልተሳሳትክም፣ ከአንድ ቅርጽ የወጡ ናቸው። መስተዋድድ ቃልን ከቃል ያዋድዳል፣ መስተጻምር ያጣምራል፣ መስተፋቅር ሰውን ከሰው ያፋቅራል። አንዱን መምህሩ ያስተምርሃል፣ አንዱን መምህሩ ከያዘብህ ይገርፍሃል።

የማርቆሷ፦
ሃሃሃ የኔታ!

የሞጣው፦
እኔ የምወደው «አፍዝ አደንግዝ» ነው። ሌባ ሊሰርቅ ሲገባ ሰውን ያስተኛበታል የሚባለው። ድምፁ ራሱ ድግምት ነው፣ አፍዝ፣ አደንግዝ፣ ሁለቱም ትእዛዝ። አሁን ስልኩ ላይ አፍጥጦ የቀረ ሰው ሲያዩ «አፍዝ አደንግዝ አደረጉበት» ይላሉ። እና ደግሞ «ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ»። ይህቺን ለጫካ ውስጥ አሮጊት ስጧት። ሥር የምትምስ፣ ቅጠል የምትበጥስ። ሐሜት ነው፣ ግን ዜማ አለው።

የሰከላው፦
ሥር መማስ የድሮ ክስ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ላይ ከሰማይ የወረዱት መላእክት ለሴቶች ያስተማሯቸው ሥራይና ሥር መቁረጥ ነው። ያ መጽሐፍ ደግሞ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ከእነሱ የተወለዱት ግዙፎች ቁመታቸው 3000 ክንድ ይላል። ግዙፍ ፍጡር ለምትፈልጉ «ረዓይት» የሚለው የግእዝ ቃል እዚያ ተቀምጧል፣ ማንም ሳይነካው።

የጣና ዳር፦
ረዓይትን ወሰድን። ድራጎንስ? ልጁ «ዘንዶ» ብሏል፣ ግን ከመካከላችን አንዷ «ዘንዶ እኮ ትልቅ እባብ ነው፣ ክንፍ የለው፣ እሳት አይተፋ፣ ፓይተን ነው» ብላ ተከራከረች። ሌላው ደግሞ «ድራጎን» ይባል ሲል ፈረንጅ አምላኪ ተባለ።

የማርቆሷ፦
ፈረንጅ አምላኪ ያላችሁት ልጅ ካሳ ይከፈለው። «ደራጎን» ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደገ ቃል ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ከታች የሚወጋው ማንን ነው? የቤሩት ሰዎች ልጃቸውን ይገብሩለት የነበረውን ደራጎን ነው። አያቴ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አታውቅም፣ ደራጎንን ግን ታውቀዋለች።

የዋሸራው፦
ሁለቱም ልክ ናችሁ። ራእየ ዮሐንስ በአማርኛ «ታላቅ ቀይ ዘንዶ» ይላል፣ ሰባት ራስና ዐሥር ቀንድ ያለው። ሰባት ራስ ያለው ፓይተን አላየሁም። ስለዚህ ዘንዶ ከእባብ በላይ መሆን ይችላል። እኔ ብሆን ፍጡሩን ዘንዶ እለዋለሁ፣ ስሙን ደራጎን። ሦስተኛም ከፈለጋችሁ «አርዌ» አለ፣ አክሱም ላይ ነገሠ የሚባለው። በግእዝ አውሬ ማለት ነው፤ «አውሬ»ም የወጣው ከእሱ ነው፣ ፊደሉ ቦታ ተለዋውጦ። ንጉሥ የሆነ፣ ግብር የሚበላ ዘንዶ ከሆነ አርዌ ይስማማዋል።

የጣና ዳር፦
ጮቄ ላይ ያለው ግብር ይበላል። በሬ በዓመት።

የሞጣው፦
በዚህ የበሬ ዋጋ? ምነው ሸዋ!

የሰከላው፦
ኤልፍ ላይ ግን ተጠንቀቁ። «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን የደረሰው ቶልኪን የኦክስፎርድ የቋንቋ መምህር ስለነበር ለተርጓሚዎች መመሪያ ጽፎ ነበር። የደችና የስዊድን ትርጉሞች አላስደሰቱትም። የትኛው ስም በትርጉሙ ይመለስ፣ የትኛው እንዳለ ይቅር እያለ ስም በስም የሄደበት ነው፤ ከሞተ በኋላ በ1975 እ.ኤ.አ. ታተመ። በጀርመንኛ «ኤልፍ» ሲባል አንባቢው ትንንሽ ቆነጃጅት ፍጡራንን ያስባል ብሎ «ኤልብ» የሚል የቆየ ቅርጽ አመለከተ። ቃሉ ቢገኝም ያለበት ሥዕል ሊያበላሽ ይችላል ማለቱ ነው። እናንተም «ጠንቋይ» ላይ የገጠማችሁ እሱ ነው።

ወጣት አንባቢ፦
ኤልፍን «ስውራን» ብንለውስ? ጫካ ውስጥ ያሉ፣ የማይታዩ፣ ረጅም ዕድሜ ያላቸው። ገዳም አካባቢ ያሉ ሰዎች ሌሊት የማይታዩ አባቶች ሲቀድሱ ሰማን ይላሉ።

የዋሸራው፦
ልጄ፣ ስውራን በጾምና በጸሎት የተሰወሩ አባቶች ናቸው። ቀስት አታሲዛቸው።

የማርቆሷ፦
እኔም ከየኔታ ጋር ነኝ። አንድ ሰው አሁንም የሚያምንበትን ነገር ወስደህ ጆሮውን ሹል አድርገህ ፋንታሲ ብትለው አንባቢህ መጽሐፉን ይዘጋዋል። ፈረንጆቹ እኮ በኤልፍ ማመን ካቆሙ ቆይተዋል፣ ለዚያ ነው እንደልባቸው የሚጫወቱበት። የእኛ ችግር ቃል ማጣት አይደለም። ቃሉ ገና ሥራ ላይ ነው። ውቃቢ በሉ፣ ዛር በሉ፣ ዓይነ ጥላ በሉ፣ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ስለ እሱ የምታወራ አክስት አለች። ኤልፍን ኤልፍ በሉት፣ በፊደላችን ጻፉት፣ ይበቃል።

የሞጣው፦
በዚህ አልስማማም። ፈሊጥ ውስጥ የገባ ቃል እኮ ግማሹ ወጥቷል። «ቆሌዬ ተገፈፈ» ያለ ሰው ሁሉ በቆሌ ያምናል? ክፉኛ ደነገጥኩ ማለቱ ነው። «ውቃቢዬ አልወደደውም» የምትል ልጅ ቤተ ክርስቲያን የማይቀርባት ናት፣ ሰውየውን አልወደድኩትም ማለቷ ነው። ታዲያ ደራሲው ለምን ፈሊጡን አይገልጠውም? አንድ ሰው ቆሌው እውነት ሲገፈፍ፣ እንደ ካባ ከትከሻው ሲወሰድበት የሚያሳይ ትዕይንት ቢጽፍ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ሳይነገረው ይገባዋል፣ ያስደነግጠዋልም። ያንን በእንግሊዝኛ መጻፍ አይቻልም።

የማርቆሷ፦
...እሱ ጥሩ ነው። እሱን ጻፉት።

የሰከላው፦
«አብሾ»ንም አትርሱ። የቅኔ ተማሪ አእምሮው እንዲከፈት ይጠጣዋል የሚባለው። ከዚያ ወዲያ ትንሽ ጠላ ሲቀምስ ይነሣበታል ይባላል፤ «አብሾ አለበት» የሚባለው ከዚያ ነው። ጥበብ የሚሰጥ፣ በኋላ ዋጋ የሚያስከፍል መጠጥ። ልብ ወለድ ጸሐፊ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? የኔታ፣ እርስዎ ቀምሰዋል?

የዋሸራው፦
ይህ ጥያቄ አይመለስም።

ወጣት አንባቢ፦
😂😂

የጣና ዳር፦
ፋንታሲ ራሱ ቀረ። «ምናባዊ ልቦለድ» ያለ አለ፣ «ተረት» ያለ አለ። አንዱ ቀልደኛ ደግሞ «ፋንታ» ድርሻ ስለሆነ «ዕጣ ፋንታሲ» ይባል ብሏል።

የሰከላው፦
ተረት አትበሉት፣ «ተረት ተረት አታውራ» ሲባል አትዋሽ ማለት ሆኗል። ምናባዊም ልቦለድ ሁሉ ምናባዊ ስለሆነ አይለይም። ለነገሩ «ልብ ወለድ» ራሱ የሐይቃችሁ ልጅ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ዘጌ የተወለደ ሰው ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይባላል። የመጽሐፉ ርእስ ኋላ የዘርፉ ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ። ሰው ሳይጨነቅ የሰየመው ነገር ነው የሚጸናው፣ እናንተም ዝም ብላችሁ «ፋንታሲ» በሉ፣ ጥሩ መጽሐፍ ከወጣ ስሙን ራሱ ይዞ ይመጣል።

የጣና ዳር፦
እናመሰግናለን። ልጁ አንብቦታል። ሽማግሌውን ጠንቋይም አዋቂም አላለውም፣ መንደርተኛው «የኔታ» እያለ ይጠራዋል፣ ሥራው ከድርጊቱ ይታወቅ ብሏል። የቆሌውን ትዕይንት ለመሞከር ወስኗል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረው። ዘንዶው ይናገራል። ሽማግሌውን ሲያናግረው «አንተ» ይበለው ወይስ «አንቱ»?

የዋሸራው፦
ዘንዶው ስንት ዓመቱ ነው?

የጣና ዳር፦
ሁለት ሺህ ገደማ።

የዋሸራው፦
እንግዲያ «አንቱ» የሚለው ሽማግሌው ነው።