የፕኖፕን (yepnope) የምትተኩ ካላችሁ፦ ሌላ ስክሪፕት ጫኝ ከመፈለጋችሁ በፊት ዲፈርን (defer) ሞክሩ

የቆየ ድረ ገጽ የምታድሱ ልጆች «የፕኖፕ ቆሟል፤ በምን ልተካው?» ስትሉ አያለሁ፤ የፕኖፕ የጃቫስክሪፕት ፋይሎችን እንደ ሁኔታው መርጦ ገጹ ላይ የሚጭን የድሮ ስክሪፕት ጫኝ ነው። እኔ የምመክራችሁ በሌላ ስክሪፕት ጫኝ እንዳትተኩት ነው። ሌላው ስክሪፕት ጫኝ ላብ ጄኤስም (LABjs) የዚያው ዘመን ልጅ ስለሆነ ወደ እሱ መሄድ ሥራውን ማራዘም ነው።

የፕኖፕ በጊዜው ባለውለታችን ነበር። አሳሹ ምን ምን እንደሚችል የሚፈትሸው ሞደርናይዘር 2 ውስጥ አብሮ ይመጣ ነበር፤ አሳሹ አንድ ነገር ከቻለ ይህን ፋይል፣ ካልቻለ ያንን ይጭናል። ነገር ግን ፋይሉን መጀመሪያ ሌላ ነገር አስመስሎ ያወርድና፣ ካሽ (አሳሹ ያወረደውን የሚያስቀምጥበት ቦታ) ውስጥ አለ ብሎ በመተማመን እንደ ስክሪፕት ደግሞ ይጠራዋል። ሰርቨሩ ፋይሉ ካሽ ውስጥ እንዲቀመጥ የሚያዘውን መልእክት (የካሽ ሄደር) አስተካክሎ ካልላከ ያው ፋይል ሁለቴ ይወርዳል። ዳታ በሜጋባይት ለሚገዛ ሰው ይህ ከኪሱ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

ለአብዛኛው ገጽ ስክሪፕት ታጉ ላይ ዲፈር የሚለውን ቃል መጨመር ይበቃል። ፋይሎቹ ጎን ለጎን ይወርዳሉ፣ ኤችቲኤምኤሉ ተነቦ ሲያልቅ በተጻፉበት ተራ ይሠራሉ፤ ለምሳሌ ጄኩዌሪ (jQuery፣ ብዙ የድሮ ገጾች የሚጠቀሙበት የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ቀድሞ፣ በእሱ ላይ የሚቀጠለው ፕለጊን ቀጥሎ፣ የእናንተ ኮድ መጨረሻ። ሌላው የታግ ቃል ኤሲንክ (async) ግን ቀድሞ የደረሰውን ቀድሞ ስለሚያሠራ፣ ማንንም ለማይጠብቅ ስክሪፕት ብቻ ተጠቀሙበት።

እኔን አንድ ሙሉ ቀን የፈጀብኝን ልንገራችሁ። ዲፈር የሚሠራው ከውጭ ለሚጠራ ፋይል ነው። ገጹ ውስጥ በቀጥታ የተጻፈ ኮድ አይጠብቅም፤ ጄኩዌሪ ሳይደርስ ይነሣና የዶላር ምልክቷ ($፣ የጄኩዌሪ አጭር ስም) አልታወቀችም ብሎ ይወድቃል። እነዚያን ቁርጥራጮች አንድ በአንድ ፈልጋችሁ ወደ ፋይል አውጧቸው።

«ሲያስፈልግ ብቻ ይጫን» ለምትሉት፣ ለምሳሌ ካርታ ወይም ቻርት፣ ፋይሉን በሚፈለግበት ሰዓት በኮድ የሚጠራ ዳይናሚክ ኢምፖርት (import()) አለ፤ ክሮም ከ63፣ ፋየርፎክስ ከ67 ጀምሮ ያውቁታል። ነገር ግን ፋይሉን እንደ ሞጁል ስለሚያነበው፣ ከላይ በቫር የታወጀ ተለዋዋጭ ከፋይሉ ውጭ አይታይም፤ ብዙ የድሮ ፕለጊን እዚህ ላይ ይሰበራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ስክሪፕት ታጉን በኮድ ፍጠሩና ኤሲንኩን ፎልስ አድርጉት፤ ተራው ይጠበቃል።

ሪኳየር ጄኤስ (RequireJS) የተባለውን ሌላ ጫኝ የምመክረው ኮዳችሁ ድሮውኑ እሱ በሚያነበው በዲፋይን (define) የተጻፈ ከሆነ ብቻ ነው። ከዜሮ ለሚጀምር ፋይሎቹን አቀናጅቶ ለአሳሽ የሚያዘጋጀው ቪት (Vite) ይሻለዋል።

የፕኖፕ ዝርዝራችሁ ውስጥ ከሌላ ሰው አድራሻ የሚጠራ ፖሊፊል (የድሮ አሳሽ የጎደለውን ችሎታ የሚሞላ ኮድ) ካለ ዛሬውኑ አውጡት። ፖሊፊሎችን ለሌሎች ድረ ገጾች ያቀርብ የነበረው ፖሊፊል ዶት አይኦ (polyfill.io) ባለቤቱ ከተለወጠ በኋላ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ከ100,000 በላይ ድረ ገጾች በእሱ በኩል ለጎጂ ኮድ ተጋልጠዋል። የዛሬ አሳሾች አብዛኞቹን ፖሊፊሎች አይፈልጓቸውም፤ የግድ የሚያስፈልገውን ራሳችሁ ሰርቨር ላይ አስቀምጡት።