የዶሮ ሉኪሚያ ሴሎች ሲበስሉ የገጽ አንቲጅናቸው መለወጡን እንዴት ላሳይ?

ጠያቂ (ማራኪ፣ ጎንደር)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ሴሚናር በወረቀት የነደፍኩት ሙከራ አለ። የዶሮ ደም ካንሰር (ሉኪሚያ) የሚያመጣው ኤሪትሮብላስቶሲስ ቫይረስ (ኤኢቪ) ወደ ካንሰርነት የለወጣቸው የዶሮ ጨቅላ ቀይ የደም ሴሎች (ኤሪትሮብላስቶች) ሳይበስሉ መባዛታቸውን ይቀጥላሉ። ቲኤስ34 የተባለው ሙቀት የማይችል የቫይረሱ ዝርያ የለወጣቸው ግን ከ36 ወደ 42 ዲግሪ ሲዛወሩ በስለው ሄሞግሎቢን ይሠራሉ። በጥንቸል አንቲሴረም (ፀረ እንግዳ አካል ባለበት የደም ውሃ)፣ የጨቅላው ሴል አንቲጅን (ፀረ እንግዳ አካል የሚይዘው የገጽ ምልክት) ሲጠፋና የአዋቂው ሲተካ ማሳየት እፈልጋለሁ። አማካሪዬ «አንቲሴረምህ የሚያየው ምኑን ነው?» ብለው መለሱልኝ።

ቤተ ሙከራ፦ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ጥንቸሏ የምታውቀው የዶሮ ሴል መሆኑን እንጂ ጨቅላ መሆኑን አይደለም። ስለዚህ በጨቅላ ሴሎች የተዘጋጀውን አንቲሴረም በአዋቂ ዶሮ ቀይ የደም ሴሎች እጠበው፣ ማለትም ከሴሎቹ ጋር ቀላቅለህ ሴሎቹን አስወግድ፤ የጋራው ፀረ እንግዳ አካል ተጣብቆ ይወጣል። የአዋቂውን ለማየት ሌላ አንቲሴረም በአዋቂ ሴሎች አዘጋጅተህ በኤሪትሮብላስት ታጥባለህ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገር አለ። ኤኢቪ ጎዶሎ ቫይረስ ነው፤ ለመባዛት ረዳት ቫይረስ ይሻል። የረዳቱ የሽፋን ፕሮቲን በሴሉ ገጽ ላይ ስለሚወጣ፣ የሉኪሚያ አንቲጅን ያልከው የቫይረሱ ልብስ ሊሆን ይችላል። አንቲሴረሙን ረዳቱ ብቻ በያዛቸው ፋይብሮብላስቶችም (የአያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሴሎች) እጠበው።

የእንስሳት ሐኪም (አዘዞ)፦ ለዶሮ ወጥ ከቅዳሜ ገበያ የተገዛች ዶሮ ደም እንዳትጠቀም! የሉኮሲስ ቫይረስ (የረዳቱ ወገን የሆነ ቫይረስ) ተሸካሚ ከሆነች የሽፋኑን ፀረ እንግዳ አካል ሳታውቀው ታወጣዋለህ፤ ከዚያ የትኛው እጥበት ምን እንዳወጣ መለየት ያስቸግርሃል። ደግሞ ይህን በሽታ ከማሬክ (ሌላ የዶሮ ዕጢ አምጪ በሽታ) ጋር አታምታታው፤ ማሬክ የሄርፐስ ቫይረስ ጣጣ ነው።

ጠያቂ፦ 42 ዲግሪው ራሱስ አንቲጅኑን አያጠፋውም?

ቤተ ሙከራ፦ የዶሮ ሰውነት 41 እና 42 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ለሴሉ እንግዳ አይደለም። ቢሆንም መደበኛው ኤኢቪ የለወጣቸውን ሴሎች 42 ላይ አስቀምጥ። እነሱ አይበስሉም፤ አንቲጅኑ እነሱም ላይ ከጠፋ ጥፋቱ የሙቀቱ ነው።

ሌላ አባል፦ ከየናሙናው ከፊሉን በቤንዚዲን ቀባ፤ ሄሞግሎቢኑን ያሳይሃል። ቤንዚዲን ካንሰር አምጪ ስለሆነ ጓንት አትርሳ። ፀረ እንግዳ አካሉን ስትጨምር ሴሎቹ በሕይወት ካሉ በረዶ ላይ ይሁኑ፤ ሲሞቃቸው አንቲጅኑን ወደ አንድ ጥግ ሰብስበው ይውጡታል፣ አንተም በስለዋል ብለህ ትጽፋለህ። በእኔ ላይ ደርሷል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ቫይረስ፣ ሁለት ሙቀት፣ አራት ብልቃጥ አድርጌ እንደገና እነድፈዋለሁ። ረዳቱን ብቻ የያዙት ፋይብሮብላስቶች አምስተኛ ይሆናሉ።