ተማሪዎች የኢሚግሬሽን ሕግን ፍትሐዊነት እንዴት ይመርምሩ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማኅበራዊ ትምህርት መምህር ነኝ። በቅርቡ ከተማሪዎቼ ጋር የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ሥርዓት ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለውን ልናነሣ ነው። የምፈራው ሁሉም ከቤቱ የሰማውን ይዞ መጥቶ ጭቅጭቅ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው። የራሴን አቋም ልጭንባቸውም አልፈልግም። በደንብ እንዲመረምሩት ምን ላድርግ?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ሕጉን ከማየታቸው በፊት መስፈርታቸውን ይጻፉ። ፍትሐዊ ማለት ሁሉንም እኩል ማስተናገድ ነው? የባሰ የተቸገረውን ማስቀደም ነው? ወይስ ሕጉ ግልጽ መሆኑ ይበቃል? እነዚህ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ዋናው ትምህርትም እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ከየአገሩ በዓመት ስንት ሰው ይግባ የሚለውን የወሰነውን እ.ኤ.አ. የ1924ን የኮታ ሕግ ስጣቸው። የየአገሩ ኮታ የተሰላው አሜሪካ ውስጥ በሚኖሩ የዚያ አገር ተወላጆች ብዛት ሲሆን፣ የተወሰደው ግን የ1920 የሕዝብ ቆጠራ እያለ የ1890ው ነበር። ለምን ወደኋላ ሄዱ? ራሳቸው ይፈልጉት። ጀርመን 51,227፣ ጣሊያን ግን 3,845 ብቻ እንደደረሳት ሲያዩ፣ አብዛኛው ጣሊያናዊ ወደ አሜሪካ የገባው ከ1890 በኋላ መሆኑንም ሲደርሱበት ነገሩ ይገለጥላቸዋል። ጣሊያን አይግባ የሚል ቃል አላስፈለገም። ዓመቱን መምረጥ ብቻ በቂ ነበር።

መልስ 2፦
ጥሩ ነው፣ ግን እዚያ ላይ ካቆምክ "ድሮ ነው" ብለው ያልፉታል። ያ ኮታ በ1965 በወጣው ሕግ ቀርቷል። ዛሬ ያለውንም አሳያቸው። በሥራና በቤተሰብ በኩል በቁጥር ተገድቦ ከሚሰጠው ግሪን ካርድ ውስጥ በመደበኛው ለአንድ አገር የሚደርሰው ቢበዛ 7 በመቶ ነው፤ ሕንድም ሆነች አይስላንድ ጣሪያቸው አንድ ነው። አገርን ከአገር ካነጻጸሩ እኩልነት ነው። ሰውን ከሰው ካነጻጸሩ ግን ሕንዳዊው መሐንዲስ ያው ሙያ ካለው የሌላ አገር ሰው ብዙ ዓመት አብልጦ ይጠብቃል። ስለዚህ "እኩል" ሲሉ ማንን ከማን ጋር እንደሆነ ሳይናገሩ እንዳታልፋቸው።

መልስ 3፦
አንድ ነገር አደራ። ክፍሉ ውስጥ ወረቀት የሌለው ወይም የቤተሰቡ ጉዳይ ገና ያላለቀ ልጅ ሊኖር ይችላል። ማንንም ስለ ራሱ እንዳትጠይቅ፣ ፈቅዶ ካልተናገረ በቀር። ባለታሪኮቹን አንተው ፍጠርላቸው። ደግሞ ማን ይግባ የሚለው ላይ ብቻ አትቁሙ፣ ጉዳዩ እንዴት ይታያል የሚለውም አለ። በወንጀል የተከሰሰ ድሃ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል፤ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ግን ሕፃን እንኳ ቢሆን በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት በአጠቃላይ የለውም። ሕጉን የሚደግፈውም የሚቃወመውም ተማሪ ይህን ሲሰማ ቆም ብሎ ያስባል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዲቪንስ ላስገባው? ዕጣ ፍትሐዊ ነው ወይ ብዬ?

መልስ 2፦
አስገባው እንጂ! ግን ለዕጣው ለመግባት ሁለተኛ ደረጃ መጨረስ ወይም የተወሰነ የሥራ ልምድ እንደሚጠየቅ ንገራቸው። ዕጣው ውስጥ ጭራሽ መግባት የማይችለው ማን እንደሆነ ይፈልጉ። ክርክሩ ከዚያ ይጀምር።